ጣና ዳር በጥር ውርጭ አለ ወይ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ወንድሜ የሚኖረው ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ነው። አምና በጥር በባሕር ጠረፍ ባለ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ በእግሩ ሲሄድ ያነሳውን ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ሸምበቆው፣ ሣሩ፣ አጥሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኗል። እኔም ዘንድሮ ለጥምቀት ሁለት ልጆቼን ይዤ ጎጃም እሄዳለሁ። ጣና ዳር እንዲህ ያለ ጠዋት አገኛለሁ? የት ብንሄድ ይሻላል? ወፎችስ በዚያ ብርድ ይኖራሉ? ምን እንልበስ? ደግሞ የርቀት መነጽር መግዛት አለብኝ?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጣና ዳር ውርጭ አያገኙም፤ ወፍ ግን ዓይንዎ እስኪደክም ያያሉ። ሁለቱ ነገር የተያያዘ ነው። ወንድምዎ ፎቶ ያነሳው ውርጭ ነው ብዙዎቹን ወፎች ወደ እኛ የሚሰዳቸው። ውርጩን ራሱን ማየት ካሰኘዎት ጎጃም አይነፍግዎትም፤ ከሐይቁ ርቀው ወደ ላይ መውጣት ብቻ ይኖርብዎታል። አሁን ዘርዘር ላድርገው።

ከውርጩ እንጀምር። በጎጃም ደጋ የሌሊቱ ብርድ የሚጠናው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጭቃው ያንዘፈዝፋል እንጂ ውርጭ እምብዛም አያመጣም። ምክንያቱ ደመናው ነው። ደመና ለመሬት ጋቢ ነው፤ ቀን የገባውን ሙቀት ሌሊት እንዳይወጣ ይይዝለታል። ኅዳር ሲገባ ጋቢው ይገፈፋል። ጥርት ያለ ሰማይ፣ ደረቅ አየር፣ ነፋስ የሌለበት ረጅም ሌሊት። እነዚህ ሲገጣጠሙ መሬቱ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰማይ ይለቃል።

ሣርና ቅጠል ከአየሩ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ። በሰው ቁመት ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያሳየ መሬት ላይ ያለው ሣር ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ስልክዎ ላይ ያለው የአየር ትንበያ «4 ዲግሪ» እያለ ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ የሚገኘው። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ያንን የቀዘቀዘ ሣር ሲነካ ጤዛ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ይለጠፍበታል። የወንድምዎ ፎቶ ላይ ያለው ነጭ ነገርም ይኸው ነው።

አየሩ በጣም ሲደርቅ ግን ነጭ ነገር ሳይታይ ተክሉ ብቻ ይመታል። ገበሬው ጠዋት ወጥቶ ባቄላው ጠቁሮ፣ የድንቹ ቅጠል ጠውልጎ ያገኘዋል። «ውርጭ መታው» ይላል፣ በቃ። ለእንግዳ ግን የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ የበረደ ሌሊት ሁሉ ነጭ ጠዋት አያመጣም። ይህን የምነግርዎ ልጆቹ ነጭ ሜዳ ጠብቀው እንዳይከፉ ነው።

ሌላው ነገር የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል። ሌሊት ከተራራው ወገብ እየተንሸራተተ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ እዚያው ይተኛል። በአንድ መንደር ውስጥ ጉብታ ላይ ያለው ደጃፍ ምንም ሳይነካው ከታች ያለው የግጦሽ ሜዳ ነጭቶ ሊያድር ይችላል። ውርጭ ፍለጋ የወጣ ሰው ዓይኑን ከጫፍ ላይ አንስቶ ወደ ጎድጓዳው ማድረግ አለበት።

ታዲያ ጣና ዳር ለምን የለም? የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በጥር የባሕር ዳር ሌሊት በአማካይ ወደ 8 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ቀኑ ደግሞ 26 እና 27 ይደርሳል። 8 ዲግሪ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ «ባሕር ዳር ሙቅ ነው» ብሎ በካናቴራ የመጣ ሰው ጠዋት ሐይቁ ዳር ሲንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለውርጭ ግን ይርቃል።

በዚያ ላይ ውሃው አለ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ለዳርቻው ያካፍላል። ሐይቁ ጥልቅ የሚባል አይደለም፤ ጠለቅ በሚልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ሌሊት ብርድ ግን ይበቃል።

ልጆቹ በውርጩ ፈንታ የሚያገኙት ጉም ነው። ቀዝቃዛው የንጋት አየር ሞቅ ባለው ውሃ ላይ ሲያልፍ ከውሃው የሚነሳው እንፋሎት እዚያው ይጉማል። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በከተማው በኩል በሚያልፍበት ቦታ ደህና ሆኖ ይታያል። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የእግረኛ መንገድም አለው። ከዚያ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ልጆቹን ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ያን ያህል አይጨነቁም። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ጉሙ ይጠፋል።

አሁን ወደ ወፎቹ። «በዚያ ብርድ ይኖራሉ?» ላሉት፣ እንዲያውም ወራቸው ነው። ነገሩን ከወንድምዎ አገር ብንጀምረው ይቀላል።

ሄልሲንኪ ያለችበት የፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ውሃው እንደ ውቅያኖስ ጨዋማ አይደለም። ጨዉ ትንሽ ስለሆነና ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው በክረምት ገጹ በረዶ ይጋገርበታል። ከዚያ ጭቃውም ይጠነክራል። ሸምበቆው መሐል የነበረው ውሃ ይዘጋል። ብዙ ሰው ወፍ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ ይመስለዋል። ብርዱንማ ላባው ይችልለታል። የሚያስለቅቀው ረሃብ ነው። ጭቃው በረዶ ከሆነ ወፉ ምንቁሩን ሰክቶ ትል ማውጣት አይችልም። ዳክዬውም ከተጋገረው ገጽ በታች ያለውን ምግብ አይደርስበትም። የታጨደውም እርሻ ከበረዶ በታች ነው። የብርሃኑ ነገር ደግሞ አለ። በታኅሣሥ አጋማሽ ሄልሲንኪ የምታገኘው የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ጣና ላይ ከ11 ሰዓት ይበልጣል። ምግብ ፈላጊ እንስሳ ምን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ከእነዚህ እንግዶች መካከል ለልጆችዎ እንዲያሳዩዋቸው የምመክረው ግራጫው ክሬን የሚባለውን እግረ ረጅም ወፍ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ልጅም አይስተውም። ከፊንላንድ፣ ከባልቲክ አገሮችና ከምዕራብ ሩሲያ ከሚነሱት ክሬኖች አንዱ ክፍል በጥቁር ባሕር፣ በቱርክና በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል አድርጎ ኢትዮጵያ ይደርሳል። ጣና ዙሪያ ብዙ ሺዎች ሆነው ይከርማሉ። በጥቅምትና በኅዳር ይመጣሉ፤ በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳሉ። በጥምቀት ሰሞን እንግዲህ ሁሉም እዚህ ናቸው።

የውሏቸውን ሥርዓት ካወቁ ማግኘቱ ቀላል ነው። ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጅብም ሆነ ቀበሮ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ ሊጠጋቸው አይችልምና። ሲነጋ በቡድን በቡድን ተነስተው ወደ ታጨደው ማሳ ይበርራሉ። የረገፈ እህል፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ መሬት ውስጥ ያለ ነፍሳት፣ ያገኙትን ይለቅማሉ። ማታ ወደ ውሃው ይመለሳሉ። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ሰዓት አለ፤ ከፀሐይ መውጫ እስከ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ11 ሰዓት እስኪመሽ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይሰማል። ገና ሳይታዩ ከሩቅ እንደሚመጡ ታውቃላችሁ።

ልጆቹን የሚያስደስት አንድ ነገር ልንገርዎ። ክሬን በቤተሰብ ነው የሚሄደው። ማሳው ላይ ሁለት ትልልቅና አንድ ወይም ሁለት ታዳጊ አብረው ሲለቅሙ ያያሉ። ትልልቆቹ ፊትና አንገታቸው ጥቁርና ነጭ ነው፤ አናታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ። የዘንድሮው ልጅ ግን ጭንቅላቱ ወደ ቡናማ ያደላ፣ ምልክት የሌለው ነው። ያ ወፍ ከጥቂት ወራት በፊት በሰሜን አውሮፓ ረግረግ ውስጥ የተፈለፈለ ነው። መንገዱን ያወቀው ወላጆቹን ተከትሎ ነው። ልጆችዎ «የትኛው ነው ልጁ?» እያሉ ሲፈልጉ አንድ ሰዓት ያልፋል።

ከእነዚህ ጋር የማይምታታ ሌላ ክሬንም አለ። አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ጸጉር ያለው፣ ሰውነቱ የጠቆረው። እሱ የአገሩ ልጅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይለቅም፣ የሚፈለፍለውም በእኛ ክረምት ረግረጉ ሲሞላ ነው። ቁጥሩ ብዙ ስላልሆነ ካገኙት ዕድለኛ ነዎት።

ገበሬው ስለ ግራጫዎቹ ምን ይላል? እንደ ማሳው ነው። ጤፉ ከታጨደ በኋላ የረገፈውን ቢለቅሙ ማንም አይቆጣም። ሽምብራው ላይ ሲያርፉ ግን ልጆች ወንጭፍ ይዘው ይወጣሉ። እውነቱን ለመናገር አልፈርድባቸውም። ከተሜ ወፍ ወዳድ በአንድ ሰው የዓመት ቀለብ ላይ ቸር መሆን ይቀናዋል። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ለፎቶ ብለው እንዲበርሩ አያስነሷቸው። ተነስተው የሚያርፉት ቀጣዩ ማሳ ላይ ነው፤ እሱም የሰው ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ምንቁሩ አካፋ የመሰለ ዳክዬና ጭራው ሾጠጥ ያለው ዳክዬ ሁለቱም ከሰሜን የመጡ ናቸው። ከብቶች እግር ሥር እየሮጠች ጭራዋን የምትነቀንቀው ቢጫ ወፍ እንዲሁ። ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ረጅም ጣቶቿን ዘርግታ የምትራመደው ጃካና፣ ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ጭንቅላቱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ደግሞ የጣና ነዋሪዎች ናቸው። ፔሊካኖቹን ለማየት የትም መሄድ አያስፈልግም፤ ከተማው ውስጥ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጡ ያገኟቸዋል።

ጥር ለእግር ጉዞ የሚመችበት ሌላ ምክንያት ውሃው ነው። ጣና ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ ይቀንሳል። ሐይቁ ወደ ኋላ ባፈገፈገ ቁጥር ለስላሳ ጭቃ ይገለጣል። ወፉ ጭቃውን ይከተላል። ገበሬውም ይከተላል፤ ውሃ የለቀቀው መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በመስከረም ጉልበት ድረስ ያሰምጥ የነበረው ቦታ በጥር በጫማ ይኬዳል።

የት ይሂዱ? መጀመሪያ አንድ ነገር ይወቁ። ጣና በሰኔ 2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ስፍራ፣ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ወደ 7 መቶ ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ግን የወንድምዎ ፎቶ ላይ እንዳለው አጥር፣ የእንጨት መተላለፊያና የወፍ ማያ ማማ አይጠብቁ። በጥብቅነቱ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከብት ያሰማራል። የሚረግጡት ሣር የአንድ ሰው ግጦሽ ነው። ስለዚህ ሰው ባዩ ቁጥር ቆም ብለው ሰላም ይበሉ። «እንደምን አደራችሁ፣ ወፍ ልናይ ነው» ካሉ የሚበዛው ሰው እሺ ይላል። እንዲያውም ወፎቹ ዛሬ የት እንዳረፉ የሚያውቀው እረኛው ነው።

ከልጆች ጋር ከሆኑ ከባሕር ዳር ወደ ምዕራብ፣ በዘጌ አቅጣጫ ይውጡ። እንፍራንዝ ወንዝና የይጋንዳ ረግረግ በዚያ በኩል ናቸው። ደንገልና ፊላ የበቀለበት ዳርቻ፣ ከጎኑ ክፍት የግጦሽ ሜዳ፣ ከዚያ ማሳ። ሦስቱ አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ በትንሽ መንገድ ብዙ ዓይነት ወፍ ይታያል። እንፍራንዝ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡ ምንጮች ያሉበት አካባቢ ነው። ይህን እያወቅን ረግረጉን በባሕር ዛፍና በጫት ማጥበባችን ያናድደኛል። ስለ እምቦጭ ሁሉም ያወራል፤ እምቦጩ ይበልጥ የጠናው ደግሞ በሰሜኑና በሰሜን ምሥራቁ፣ በጎንደር በኩል ነው። በጎጃም በኩል ደንገሉን እየበላ ያለው የእኛው መጥረቢያና ማረሻ ነው። ነገሩ ከጥያቄዎ ወጣ አለ፣ ልመለስ።

ሁለተኛው ምርጫ ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። እዚያ የሚራመዱት በጫካ ውስጥ ነው። ሕዝቡ በገዳሙ ሥርዓት መሠረት መሬቱን በበሬ አያርስም፤ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ያለማል። ጫካው የቆየው በዚህ ነው። ትልቅ ምንቁር ያለው ቀንዳም ወፍና ጦጣ በደንብ ይታያሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ይገባሉ። ከባሕር ዳር ቅርብ የሆነው የክብራን ገብርኤል ደሴት ግን ለወንዶች ብቻ ነው፤ ጀልባ ሲከራዩ ይህን አስቀድመው ያስቡ።

ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባበት የጭምባ ረግረግም አለ። ለወፍ ሰው ገነት ነው። ከትንንሽ ልጆች ጋር ግን አልመክረውም፤ መንገዱ ይረዝማል፣ አካባቢውን የሚያውቅ መሪም ይፈልጋል።

ጣና ዳር ሁለት ነገር በዋዛ አይለፉ። አንደኛው ጉማሬ ነው። ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ሊነጋጋ ሲል ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሳይነጋ ወደ ደንገሉ ጠርዝ አይጠጉ። በጉማሬና በውሃው መሐል ፈጽሞ አይቁሙ። ሣሩ ውስጥ የተደመሰሰ ሰፊ መንገድ ካዩ የእሱ ነውና ይራቁ። ሁለተኛው ውሃው ራሱ ነው። ልጆቹ በባዶ እግራቸው እንዳይገቡበት። ጣና ላይ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ የሚተላለፈው ቆዳ ውሃ ሲነካ ነው። ፕላስቲክ ቦቲ ካደረጉ ጭቃውም አያስቸግራቸውም።

ውርጩን ካልተውት ደግሞ ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ እንጅባራ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና የሚመጡ ከሆነ መንገድዎ ላይ ናት። ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አድረው ንጋት ላይ በዘንገና ሐይቅ አካባቢ ወዳሉት ጎድጓዳ ሜዳዎች ይውጡ። ዘንገና እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው በዛፍ የተከበበ። ሌሊቱ ጥርት ያለና ነፋስ የሌለው ከነበረ ሜዳው ላይ ያለው ሣር ነጭ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ካልሆነም ሐይቁ ብቻውን ይበቃል። ሐይቁ ራሱ አይጋገርም፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ።

ከባዱ ጮቄ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ይወጣል። ጫፉ 4,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከጣና ጋር ሲተያይ ጫፉ ላይ ወደ 14 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ ማለት ነው። በታኅሣሥና በጥር እዚያ ላይ ውርጭ የተለመደ ነው። የጓሳው ሣር ይነጣል፤ እርጥብ መሬቱ ውስጥ ቀጫጭን የበረዶ ዘንጎች አፈሩን ወደ ላይ ገፍተው ያድራሉ። ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ልጆች ይህን ይወዱታል።

እዚያ ያለው ጅብራ ለብቻው ጽሑፍ ይገባዋል። ትልልቅ ቅጠሎቹ በአንድ ላይ ተሰብስበው መሐሉ ላይ ያለውን ለጋ ቡቃያ ከሌሊቱ ብርድ ይጠብቁታል። ለዓመታት እንዲህ ይኖርና አንዴ ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አበባ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ቁልቁል ሲያዩ ደግሞ የገብስና የድንች ማሳው ምን ያህል ሽቅብ እንደወጣ ይታያል። ጓሳውና አስታው የቀረው ላይኛው ወገብ ላይ ነው። ከዚህ ተራራ የሚነሱት ወንዞች ብዙዎቹ የዓባይ ገባሮች ናቸው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ውርጭ ፀሐይ ካረፈችበት በደቂቃዎች ያልቃል። በሌሊት ተራራ ላይ መኪና መንዳት ከልጆች ጋር አይሆንም። ስለዚህ ነግቶ ይነሱ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ተዳፋትና ጥልቅ ጎድጓዳ ይፈልጉ። ፀሐይ እዚያ ዘግይታ ስለምትደርስ ነጩ እስከ 3 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ወደ 4,000 ሜትር ሲጠጉ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ቀስ ብለው ይሂዱ። ከልጆቹ አንዱ ራሴን አመመኝ ወይም አቅለሸለሸኝ ካለ «ትንሽ ብቻ ቀረን» አይበሉ፤ ይውረዱ።

ጮቄም ሆነ ጣና፣ ከመነሳትዎ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ካለ ሰው ደውለው ያረጋግጡ። ከትናንት የተሰማ ወሬ አይበቃም፤ በማለዳው ይጠይቁ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። አንድ ወፍራም ጃኬት ከማድረግ ሦስት ስስ መደራረብ ይሻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የለበሱትን በ4 ሰዓት ማውለቅ ይጀምራሉና። ለልጆቹ ኮፍያና የእጅ ጓንት፣ ለጮቄ ሁለት ካልሲ። ጣና ዳር ጋቢ ከበቂ በላይ ነው። ተራራው ላይ ግን ጋቢ ብቻውን ነፋስ አያቆምም፤ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ነገር ያድርጉ። የደጋው ሰው ደበሎ የሚደርበው ለጌጥ አይደለም። የፀሐይ ክሬም ደግሞ አይርሱ። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ አያቃጥልም የሚል ሰው ከሰዓት በኋላ አፍንጫው ይላጣል።

የርቀት መነጽሩን እንግዲህ። ውድ አይግዙ። 8 በ42 የሚባለው መጠን (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ለወፍ ይስማማል፤ ብርሃን በደንብ ያስገባል፣ እጅም ቢንቀጠቀጥ ምስሉ ብዙ አይዘልም። 20 እጥፍ ያጎላል እያሉ የሚሸጧቸውን ትንንሾቹን ይተዉ፤ በእጅ ተይዘው አይረጉም። ለሁለት ልጆች አንድ መነጽር ከሆነ ግን ጸብ ነው። አንዱ መነጽሩን ሲይዝ ሌላው ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይያዝ፣ ያየውን ይሣል፤ ከዚያ ይለዋወጡ።